መስመር ላይ የቀረው ዘፈን

የአዴ ሎኮን ሞት የሰማሁት ቡሌ ሆራ፣ አንድ አሮጌ የፎቶኮፒ ማሽን ልገዛ ሄጄ ወረቀት ሲጎትት እያየሁ ሳለ ነው። ሐሰን ደወለ። ሐሰን ሳይጮኽ አያወራም፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ከሞተሩ በላይ ለመሰማት የለመደ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዴ ሎኮ አረፉ። ዛሬ ከሰዓት ይቀበራሉ» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። ያኔውኑ ብነሣ እንኳን ነጌሌ ለቀብር አልደርስም። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። የማሽኑ ባለቤት «ምን ሆንክ? ዘመድ ነው?» አለኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ «አዴ» የምላቸው በኛ አገር ለእናቶች እንደሚባለው ነው። ጎረቤቴም አልነበሩ። የአንድ ባንድ አፍቃሪዎች ነበርን ብዬ ብነግረው አይገባውም።

ባንዱ «ቀይ አቧራ» ይባል ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነጌሌ ላይ የተነሣ፣ አራት ልጆች የነበሩበት ባንድ ነው። ዘፋኙ ገልገሎ የከብት ነጋዴ ልጅ ነበር። ጊታር የሚጫወተው ሰይፉ ደግሞ የወታደር ልጅ፤ አባቱ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ። ስፒከራቸው ተቀድዶ ስለነበር ጊታሩ ያጓራል። ሌላ ሰው ቢሆን ያስጠግነው ነበር፤ ሰይፉ ግን ወደደው። በዚያ ጉርምርምታ ላይ ገልገሎ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ሲለቀው የሰማ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር «ይኼማ ሮክ ነው!» አለ፤ በዚያው ሮክ ሆኖ ቀረ። አንድ ካሴት አወጡ። ከክብረ መንግሥት እስከ ሞያሌ በየአውቶቡሱ ተሰማ። ሁለተኛውን ሊቀዱ አዲስ አበባ ሄደው ሳይጨርሱ፣ ገልገሎና ሰይፉ በዚያ ጉርምርምታ ሰበብ ተጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ገልገሎ ወደ ፊልቱ ለሠርግ ሲሄድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ባንዱም አብሮት አለቀ።

ለኛ የተረፈን አንድ ካሴት ነበር፤ ያልወጣው። ከበሮ የሚመታው ልጅ አገር ጥሎ ሲሄድ ለሐሰን ሰጥቶት፣ ሐሰን ወደ ሙዚቃ ቤቴ አመጣው። አራት ዘፈን አለበት። አንዱ ግጥም የለውም፤ ገልገሎ «ላ ላ» እያለ ዜማውን ብቻ ያስኬደዋል። ሁለተኛው መሐሉ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበታል። ሦስተኛው ጊታር ብቻ ነው። አራተኛው ስለ ዳዋ ወንዝ የሚለው «ዳዋ ሲሞላ» ነው፤ እኛን ያጣላን እሱ ነው።

ዳዋ ሲሞላ ድልድይ የለው፣
ማዶ ያለን ሰው በምን ልየው?

እያለ ይጀምርና ሁለት ቤት ይዘፍናል። ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ዘፋኙ ግን የለም። ለሦስተኛ ቤት የሚሆን ቦታ ባዶውን ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይስላል፣ ካሴቱም ቀጭ ብሎ ይቆማል።

በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ስንት ዓመት ተከራከርን! ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር የምንሰበሰበው። ሐሰን ከመንገድ ከገባ ይመጣል፤ ሒሳብ የሚያስተምረው ተሾመ ይመጣል፤ ሌሎችም። ተሾመ «ዘፈኑ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ መልስ ከተሰጠው ምኑን ጥያቄ ሆነ? ባዶውን ሆን ብሎ ነው የተወው» ይላል። ሐሰን ጠረጴዛዬን እየመታ «የት አባቱ ሆን ብሎ! ሊጨርሰው ነበር፣ ሞት ቀደመው። ያልተጨረሰን ነገር ጥበብ ነው አትበለኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ጥበብ ነው?» ይላል። አንድ ቀን ክርክሩ ከሮ ወንበር ተነሥቶ ነበር። በዘፈን! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን በየሳምንቱ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር የምጠብቀው።

አዴ ሎኮ ወደዚህ ክርክር የገቡት በሳሉ ምክንያት ነው።

ሳሉ የማን ነው በሚል ተይዘን ነበር። ሐሰን የገልገሎ ነው፣ ያኔውኑ ታሞ ነበር ይላል። ተሾመ የቀጂው ነው ይላል። በር ላይ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴትዮ ሻሻቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። «አካም፣ ናጋ?» አሉና፣ «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ቀኝ እጃቸውን እንደ ሳህን አጉብጠው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ሳሉ የሰይፉ ነው» አሉ። «ሰይፉ መጀመሪያ ያፍናል፣ ከዚያ ነው የሚለቀው። አባቱም እንደዚያ ናቸው።»

ሐሰን ሳቀ። «አዴ፣ ሳል ከሳል ይለያል?»

«አንተ ለምሳሌ» አሉት፣ «ከመሳልህ በፊት ጉሮሮህን ሁለቴ ትጠራርጋለህ።» ሐሰን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ፣ ስልክ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲሰኩ የኖሩ። አውቶማቲኩ ሲመጣ መዝገብ ቤት ተመደቡ። ሥራው ቀርቶ ጆሯቸው ግን አልቀረም። የነጌሌን ሰው በፊቱ ሳይሆን በድምፁ ነው የሚያውቁት። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏቸው ቀና ሳይሉ በስም ይመልሳሉ። ስልክ ስታናግራቸው «ቆመህ ነው የምታወራው፤ ቁጭ በል» ይሉሃል። የታመመን ሰው ከቤተሰቡ በፊት ያውቁታል።

አንዴ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት አንድ እንግዳ ሰው የሙዝ ዋጋ ሲጠይቅ ሰሙት። ንግግራቸውን አቋርጠው ወጡ። «አንተ የወርቄ ወንድም ነህ» አሉት። ሰውየው ደነገጠ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ኬንያ ተሻግሮ የጠፋ፣ ቤተሰቡ አልቅሶ የተወው ሰው ነበር። ተመልሶ መጥቶ እህቱ ፊት መቆም አፍሮ፣ ገበያው ውስጥ ሲዞር ነው የዋለው። አዴ ሎኮ ክንዱን አልለቅም ብለው እህቱ ደጅ ድረስ ወሰዱት። በኋላ «መልኩን አይተውት ያውቁ ነበር?» ብላቸው፣ «በጭራሽ! ከሞያሌ ሁለቴ ደውሎ ነበር» አሉኝ። ሁለት የስልክ ጥሪ፣ እሱም ከዓመታት በፊት።

ስለ ሰሙት ጥሪ ይዘት ግን አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ስንት ትዳር፣ ስንት ንግድ፣ ስንት ክርክር በጆሯቸው አልፏል። በሥራ ላይ እያሉ አንድ ባለ ሥልጣን ቢሮ ጠርቷቸው አንድ ነጋዴ በስልክ ምን እንዳለ ንገሪኝ ብሏቸው ነበር። «ጆሮዬ የመንግሥት ነው፤ አፌ የራሴ ነው» አሉት። ከሥራ አገዳቸው። ከወራት በኋላ ነው የመለሳቸው፤ የሚተካቸው ሰው ጠፍቶ። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። እሳቸውን ብጠይቃቸው «መስመሩ ላይ ነበርኩ እንጂ ባለ መስመር አልነበርኩም» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ከሳሉ ቀን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። ወንበር ስንሰጣቸው አይቀመጡም። በሩና መደርደሪያው መካከል ይመላለሳሉ፤ ካሴት ያነሣሉ፣ ይመልሳሉ፤ ወደ ውጭ ያያሉ። ስለ ሌሎቹ ሦስት ዘፈኖች ሲነሣ አብረው ይከራከራሉ፣ ተሾመን ሳይቀር ያስቁታል። «ዳዋ ሲሞላ» ሲከፈት ግን ይለወጣሉ። የመጀመሪያውን ቤት ይሰማሉ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ሻሻቸውን ያጠብቃሉ። ባዶው ቦታ ሲመጣ የሉም፤ ወጥተዋል። ሁልጊዜ። ሐሰን «ሴትዮዋ ሆዳቸው አይችልም፣ ገልገሎን ይወዱት ነበር መሰለኝ» አለኝ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ፤ ካሴት ቀርቶ ሲዲ፣ ሲዲ ቀርቶ ሚሞሪ መጫን መጣ። እኔም ሱቄን ግማሹን ፎቶኮፒ ቤት አደረግሁት። ክርክሩ ግን ቀጠለ።

ከዚያ ናሆም መጣ። ናሆም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ትሑት ልጅ ነው። የድሮ ባንዶችን ዘፈን እየሰበሰበ፣ ድምፁን እያጠራ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ካሴታችንን ሰማ። አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ውሸት አልነበረም። «ይህን አገር መስማት አለበት» አለ። ከዚያ ያሰበውን ነገረን። ጎበዝ ገጣሚ አለ፤ ሦስተኛውን ቤት ይጽፈዋል። ድምፁ ከገልገሎ ጋር የሚመሳሰል ወጣት አለ፤ እሱ ይዘፍነዋል። ባዶው ይሞላል።

ሐሰን ዘሎ ተነሣ። «ይኼውላችሁ! ስንት ዓመት ያልኩት!» ተሾመ ፊቱ ገረጣ። «የሞተ ሰው አፍ ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ልትከቱ?» አለ። ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ናሆም ግራ ገብቶት አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ያያል። በመጨረሻ «የሰይፉ ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ዜማው የሁለታቸው ነው። ክብረ መንግሥት ነው አሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ሄጄ አነጋግረዋለሁ» አለ።

አዴ ሎኮን አየኋቸው። በሩ ላይ ናቸው። አልወጡም። ቀኝ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነው፤ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም፣ ካሴቱ ቆሟል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጡ። «ክብረ መንግሥት ትወስደኛለህ?»

«መቼ፣ አዴ?»

«አሁን። ያ ልጅ ሳይደርስ።»

«ምን ሆኑ? ለምን?»

«እዚያ ስደርስ ትሰማዋለህ። ሁለቴ ልናገረው አልችልም።»

ሚኒባስ ያዝን። ዋደራ እስክንደርስ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሻሻቸውን ይፈታሉ፣ ያስራሉ። ሹፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት «ዝጋልኝ፣ ልጄ» አሉት። እኔም ጭንቀታቸው ተጋባብኝ፤ ወንበሩ አልመች ብሎኝ ስገላበጥ ደረስን።

ሰይፉ ወርቅ ቆፋሪዎች ውሃ የሚስቡበትን ፓምፕ ይጠግናል። ሱቁ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ወፍጮው ለጊዜው ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጣቶቹ በዘይት ጠቁረዋል። ጊታር የሚባል ነገር ዓይኔ አላየም። ሲያየን አላወቀንም። አዴ ሎኮ «ሰይፉ፣ አካም» ሲሉት ግን ቀና አለ።

«ኦፕሬተሯ?» አለ። «ያኔ መስመር ሲያገናኙ 'ይቅረቡ' ይሉ የነበሩት?»

«እኔ ነኝ።»

እጁን ጠራርጎ ወንበር አቀረበልን። አልተቀመጡም። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ፈተና የምትመልስ ተማሪ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመው ጀመሩ።

«የመስመር ምሥጢር ከባለ መስመሩ አይደበቅም። ስለዚህ ነው ላንተ የምነግርህ። ገልገሎ ከመሞቱ በፊት ለአንተ ደውሎ ነበር። ታስታውሳለህ?»

የሰይፉ ፊት ተዘጋ። «አስታውሳለሁ።»

«የክረምት ከሰዓት ነበር፣ ዝናብ ይጥላል። ወረቀት ይዞ መጣ። 'ሎኮ፣ ክብረ መንግሥት አገናኚኝ፤ የሰይፉ አጎት ሱቅ' አለኝ። ሁለት ቁጥር ካቢን አስገባሁት። አገናኘኋችሁ። መስመሩ መጥፎ ስለነበር እየተከታተልኩ ነበር፤ ሥራዬ ነው። 'ሰይፉ፣ ስማኝ ብቻ' አለህ። 'ዘፈኑን ጨረስኩት። በኛው ድምፅ፣ ጊታርህ እንዳለ እያጓራ። ሦስተኛውን ቤት አሁን እዘፍንልሃለሁ። ስጨርስ አንድ ቃል በለኝ። ዝም ካልክ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አልደውልልህም።' ከዚያ መዝፈን ጀመረ።»

ሰይፉ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ሁለተኛውን ስንኝ ሲዘፍን፣ ሰሌዳዬ ላይ ያለችው ያንተ መብራት ጠፋች። ወዲያ ማዶ ሰው የለም። ዘጋህ። ያኔ ገመዱን ነቅዬ 'ገልገሎ፣ ተቋርጧል' ልለው ይገባኝ ነበር። ደንቡም እንደዚያ ነው። አላልኩትም።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ቶሎ አስተካከሉት። «ልሰማው ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባቋርጠው ዳግመኛ አልሰማውም ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጨረሰ። 'ሃሎ' አለ። 'ሰይፉ?' አለ። ጠበቀ። ከዚያ 'እሺ' ብሎ ዘጋ። ከካቢኑ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም። ጥቂት ቀን ቆይቶ መኪናው ተገለበጠ። አንተ ጆሮህ ላይ ስልኩን ይዘህ ዝም ያልከው መስሎት ነው የሞተው። አንተ ግን ዘግተሃል፤ ሳትሰማው። እሱን ልነግረው የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ከዚያ ሰይፉ በቀስታ «እኔ አልዘጋሁም» አለ።

አዴ ሎኮ አልገባቸውም። «እንዴት?»

«አልዘጋሁም። 'ስማኝ ብቻ' ሲል ሰማሁ። 'ስጨርስ አንድ ቃል በለኝ' ሲል ሰማሁ። መዝፈን ሲጀምር ሰማሁ። ከዚያ ጭጭ አለ። ሃሎ፣ ሃሎ ብዬ ጮህኩ። መስመሩ ሞተ። በዝናብ ጊዜ ያለ ነው፤ ግን እኔ እሱ የዘጋብኝ መሰለኝ። ሊያላግጥብኝ ጀምሮ የተወው። ተናደድኩ። መልሼም አልደወልኩ።»

ያን ጊዜ የአዴ ሎኮን ፊት አየሁት፤ ባላየው እመርጥ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት መጠጊያ ነበረቻቸው፤ እሱ ራሱ ፈልጎ ዘግቶታል የምትል። እሷ ተነጠቀች። ገመዱን ነቅለው እንደገና ቢሰኩት ኖሮ፣ ሁለቱ ልጆች ያኔውኑ ይታረቁ ነበር። ምናልባት ገልገሎ ለሠርጉ በመሄድ ፈንታ ወደ ክብረ መንግሥት ይመጣ ነበር። ይህን ሦስታችንም አሰብነው።

ሰይፉ አንድ የፓምፕ ክዳን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመላለስ ኮቴው ይሰማኛል። «እንሂድ፣ አዴ» አልኳቸው። «አልሄድም» አሉ። «የፈለገውን ይበለኝ።»

ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። «ያስታውሱታል?» አለ።

«እያንዳንዱን ቃል።»

«ይዝፈኑልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ አንተ ውጭ ቆይልኝ።»

ወጣሁ። ሙሉ ወጣትነቴን በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ ምላሹ ከአንድ በር ጀርባ ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለመለጠፍ አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። ግን ያኔውኑ ወፍጮው ተነሣ። ሌላ ምንም አይሰማም፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ ብቻ አየኋቸው። ረጅሟ ሴትዮ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቀኝ እጃቸው ጆሯቸው ላይ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ሰይፉ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ የግራ እጁ ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ ይጫናሉ፤ ይነሣሉ፣ ቦታ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይጫናሉ። ጊታር አልያዘም፤ ግን እየተጫወተ ነበር።

ሲጨርሱ ወፍጮውም ቆሞ ነበር፤ በሩ ተከፈተ። ሰይፉ ስልኩን አውጥቶ «አንዴ ይድገሙልኝ፣ ልቅዳው» ሲላቸው ሰማሁ።

«አይሆንም» አሉት። «የተላከው ላንተ ነው፤ ደረሰህ። ከእንግዲህ ለማን እንደምትሰጠው አንተ ታውቃለህ። ከኔ ሁለተኛ አይወጣም።»

ስንመለስ፣ ዋደራ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ድንገት «ይቅር ያለኝ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ድምፁን እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል» አልኳቸው።

አሰቡ። «ገና ነው» አሉ። «ግን እየሞከረ ነው።»

ናሆም ክብረ መንግሥት ሲደርስ ሰይፉ አስቀድሞ ወስኖ ጠበቀው። ዘፈኖቹ ይውጡ፤ እንዳሉ። ማንም ምንም አይጨምርባቸው። ናሆም ምክንያቱን ቢጠይቀው አልነገረውም። እኔም አሁን ይህን ከመጻፌ በፊት ሰይፉን አስፈቅጃለሁ። «ከስንኙ በቀር ሁሉን ጻፍ» አለኝ። ስንኙንማ እኔም አላውቀው።

ዘፈኖቹ እንደወጡ ክርክሩ ከኔ ሱቅ ወጥቶ አገር ለአገር ሆነ። የማላውቃቸው ልጆች፣ ዳዋን በዓይናቸው ያላዩ፣ ስለ ባዶው ቦታ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። በአንዱ ቅዳሜ ሱቄ ጢም ብሎ ነበር። ተሾመ የቀደመ ሐሳቡን ያብራራል፤ አሁን አድማጭ ስላገኘ ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስላል። ሐሰን ይጮኻል። «ዘፈኑ አላለቀም! ያላለቀ ነገር ነው፣ በቃ! ይህን ማመን ምን ያስቸግራችኋል?»

«አልቋል» አለ አንድ ድምፅ።

ሁላችንም ዞርን። አዴ ሎኮ ነበሩ። «ዳዋ ሲሞላ» ተከፍቶ ነበር፣ ባዶው ቦታ ላይ ደርሷል፤ እሳቸው ግን እዚያው ነበሩ።

«ምን አሉ፣ አዴ?»

«ዘፈኑ አልቋል አልኩ። ገልገሎ ጨርሶታል።»

«እንዴት አወቁ?»

አላዩኝም። እኔም አቀረቀርኩ። «አልቋል አልኳችሁ» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ ሐሰን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በክፋት ሳይሆን ክርክሩ እንዳይቆምበት ብሎ፣ «ምን ያውቃሉ እሳቸው! ስልክ አገናኝ አልነበሩ እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ክርክሩም ካቆመበት ቀጠለ።

ሱቁን ለነሱ ትቼ ተከትያቸው ሮጥኩ። በዋናው መንገድ ረጅም ረጅም እየተራመዱ ደረስኩባቸው። ሐሰን ያለውን ሰምተዋል፤ በዚያ ጆሮ አለመስማት አይቻልም።

«አዴ፣ ተቀየሙ?» አልኳቸው እያለከለክሁ። «ሐሰንን ያውቁታል፤ አፉ ነው እንጂ...»

ቆሙ። ዞር ብለው አዩኝ። ፈገግ ብለው ነበር።

«ለምን እቀየማለሁ?» አሉ። «እውነቱን እኮ ነው። ስልክ አገናኝ ነበርኩ።»